የሥዕል መርሐ ግብር ለትምህርት ቤትም ለቤትም
ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ልጆች የቀኑን ቅደም ተከተል በቃል ብቻ መንገር አይበቃም፤ ንግግር ወዲያው ያልፋል፣ ፎቶ ግን ይቆያል። ስለዚህ የቀኑን ሥራዎች በቅደም ተከተል በፎቶ የሚያሳይ ሰሌዳ ሥሩለት፤ ጠንካራ ካርቶን፣ ቬልክሮ (ተለጥፎ የሚነቀል ማያያዣ) እና ልጁ ራሱ የሚጠቀምባቸው ዕቃዎች ፎቶ ይበቃሉ። አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ፎቶዎቹን ላሚኔት አሠሯቸው (በፕላስቲክ ይሸፈኑ)።

በ2 ፎቶ ጀምሩ፦ «አሁን» እና «ቀጥሎ»። ሲለምደው ወደ 4 ወይም 5 ከፍ ይላል። ያለቀውን ሥራ ፎቶ ልጁ በእጁ ነቅሎ ሰሌዳው ላይ በሚሠራ ኪስ ውስጥ ይክተተው፤ መምህሩ ከነቀለለት ግን ሥራው ማለቁን ልብ ላይለው ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሰሌዳው ተሰቅሎ ማንም ሳይጠቁምበት ሲቀር ነው። ወይም ለምሳ ትምህርት ቤቱ አንድ ሥዕል፣ ቤተሰቡ ሌላ ሲጠቀሙ። ሁለት ኮፒ አሠርታችሁ አንዱን በቦርሳው ላኩ። የታክሲ ሰልፍም ፎቶ ይኑረው፤ መጠበቅ ለብዙዎቹ ይከብዳልና።