ንጣፉ አልደፈን ሲለኝ፦ ከጅማ፣ የስዊም ልምምዴ

ሰሞኑን በኮምፒውተር የሠራሁት የንጣፍ ሞዴል የሚታመን መልስ መስጠት ስለጀመረ ደስ ብሎኛል፤ በዚሁ ጉዳይ ላይ ለምትደክሙ ይጠቅም እንደሆን ልጻፈው። የምሠራው ውኃ በሚያሰርግ ንጣፍ ላይ ነው። ዝናቡ ወደ ቦይ በመሮጥ ፈንታ በንጣፉ ክፍተት ገብቶ ከሥር ባለው ጠጠር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ይወርዳል። ክረምት ላይ የአዌቱ ወንዝ ሲሞላ ያየ የጅማ ሰው ለምን እንዳጓጓኝ ይገባዋል።

እንደማንኛውም ጀማሪ ውኃ በአፈርና በጠጠር ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ የሚያሰላውን የዳርሲን የ1856 ሕግ ይዤ በኤክሴል ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ሃይድረስ የተባለውን ሶፍትዌር ነካካሁ። ሃይድረስ እርጥበት በየጥልቀቱ እንዴት እንደሚወርድ ለማየት ድንቅ ነው። ለአንድ ሙሉ የመኪና ማቆሚያ ግን የተመቸኝ ስዊም ነው፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በነፃ የሚያሰራጨው ሶፍትዌር፣ ለደከመ ላፕቶፕም የማይከብድ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ የሚጠይቃችሁ ቮይድ ሬሾ (ባዶው ቦታ ለጠጣሩ ክፍል ሲካፈል) እንጂ ፖሮሲቲ (ባዶው ቦታ ለጠቅላላው ሲካፈል) አይደለም። ጠጠሩ 0.4 ፖሮሲቲ ካለው የሚገባው ቁጥር 0.67 ነው። 0.4ን እንዳለ ብታስገቡ 300 ሚሊ ሜትር ጠጠር የሚይዘው 120 ሚሊ ሜትር ውኃ ወደ 86 ይወርድባችኋል፤ ሶፍትዌሩም አያስጠነቅቃችሁም።

ራሴን ያዞረኝ መደፈን ነው። የጅማ አፈር በበጋ ቀይ አቧራ፣ በክረምት ቀይ ጭቃ ሆኖ ከኮረኮንቹ መንገድ በመኪና ጎማ እየተጫነ ይመጣል። ሞዴሉ ግን ስንት ዓመት ዝናብ ባወርድበት ከንጣፉ ላይ የሚፈስ ጠብታ የለም ይለኝ ነበር። ክሎጊንግ ፋክተር ማለት የንጣፉ ባዶ ቦታ ስንት እጥፍ ውኃ ሲያልፍበት ሙሉ በሙሉ እንደሚደፈን የሚነግር ቁጥር ነው። ዜሮ ከሆነ ስዊም መደፈንን ጨርሶ አያስብም፤ እኔ ግን ሞልቼዋለሁ። 150 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 0.2 ቮይድ ሬሾ ያለው ውኃ አሳላፊ ኮንክሪት፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ እየወረደበት በ5 ዓመት ይደፈናል ብንል ፋክተሩ 300 ይሆናል። ይህም ገብቶ ግራፉ ዝም።

የገባኝ የንጣፉን አቅምና የዝናቡን ጉልበት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው። አዲሱ ንጣፍ በሰዓት 2,500 ሚሊ ሜትር ያሳልፋል እንበል። በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ኃይለኛ ዝናብ ቢመጣበት፣ 90 በመቶ ተደፍኖም ገና 250 ይቀረዋል። ስዊም አቅሙን በቀጥተኛ መስመር ስለሚቀንስ 96 በመቶው እስኪጠፋ ምንም አይታይም፤ 5ኛው ዓመት ሊያልቅ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ውኃው በአንዴ ላይ ይወጣል።

ደግሞም ቀመሩ የሚቆጥረው ውኃ እንጂ ጭቃ አይደለም። ከቆርቆሮ ጣራ የወረደ ንጹሕ ውኃና ከኮረኮንች የመጣ ድፍርስ ጎርፍ ለእሱ አንድ ናቸው። በዚያው 300 ላይ የንጣፉን እጥፍ የሚሰፋ ጣራ ውኃውን ቢለቅበት፣ አንዲት ቅንጣት ደለል ባይኖርም 5 ዓመቱ 20 ወር ይሆናል። ስለዚህ በፋክተሩ መሥራት ትቻለሁ። ዜሮ አድርጌው አቅሙን በእጄ እየቀየርኩ አዲሱን፣ የደከመውንና ሊደፈን የደረሰውን ንጣፍ ለየብቻ አስኬዳለሁ። መደፈንን በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ሪፖርት ማቅረብ ተመልካችን ማሳሳት ነው ብዬ አምናለሁ።

የደከመው ንጣፍ ቁጥር ከመሬት መለካት አለበት። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ንጣፉ ላይ አስቀምጦ፣ ውኃ እንዳያሾልክ ዙሪያውን አሽጎ፣ መጀመሪያ አርጥቦ፣ ከዚያ 18 ሊትር እያፈሰሱ ሰዓት መያዝ ነው። 18 ሊትር እዚያ ቀለበት ውስጥ 255 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይሆናል፤ 6 ደቂቃ ከፈጀ በሰዓት ወደ 2,500 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። እኔ የምለማመደው ኮብልስቶን ላይ ነው፤ መጋጠሚያው ምን ያህል እንደጠጠረ ለማየት ይበቃል። ለሥሩ አፈር የያዝኩት በሰዓት 2 ሚሊ ሜትር ግን እስካሁን ግምት ነው፤ በዚያ ላይ የተመሠረተውን ውጤቴን እንደ መጨረሻ አትውሰዱት።

በአንድ ዝናብ ብቻ የሚሠራ ሞዴልም ለጅማ አይሆንም። በሰዓት 2 ሚሊ ሜትር ወደ አፈሩ ከወረደ፣ ጠጠሩን የሞላው 120 ሚሊ ሜትር ባዶ እስኪሆን 60 ሰዓት ይፈጃል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ያን ያህል የሚጠብቅ ዝናብ የለም። ክረምቱን ሙሉ ማስኬድ ያስፈልጋል። የቀን ዝናብን ለ24 ሰዓት እኩል ማከፋፈልም አይሠራም፤ 48 ሚሊ ሜትር የሆነ ዶፍ በሰዓት 2 ሚሊ ሜትር ካፊያ ይሆናል። በየ15 ደቂቃው የተመዘገበ የጅማ ዝናብ ያላችሁ ብታካፍሉኝ የሦስቱንም ንጣፎች ፋይል እልክላችኋለሁ።