የምሳ ኩፖኑ ለከፋዮች ነው

የቡና ቅምሻ ሥልጠና ከውጭ ለሚያየው ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። ሰልጣኞቹ ጠረጴዛውን ከብበው ይቆማሉ፣ በማንኪያ ፉት ይላሉ፣ ይተፋሉ፣ ወረቀት ላይ ነጥብ ይጽፋሉ። አሰልጣኙ አጠገባቸው ሆኖ "ይሄኛው የአበባ ጠረን አለው፤ ያኛውን ደግሞ እስቲ ሲቀዘቅዝ ድገሙት" ይላል። በቃ፣ ሦስት ሰዓት ሠርቶ ሄደ። በአንድ የቡና ዘርፍ ማኅበር ውስጥ የሥልጠና አስተባባሪ ሆኜ ስቀጠር የተረከብኩት ሠንጠረዥም የሚለው ይህንኑ ነበር፦ አሰልጣኝ፣ 3 ሰዓት፣ ክፍያ፣ በበጎ ፈቃድ።

ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ቡና ቆልቶ እንደማያውቅ ግን ያስታውቃል።

በ2015 ዓ.ም ዓመታዊ ጉባኤያችን ላይ አራት የቅምሻ ጠረጴዛ ነበረን። በየጠረጴዛው ስድስት ዓይነት ናሙና፣ ለእያንዳንዱ ናሙና ደግሞ አምስት ስኒ። አምስት የሚሆነው ለጌጥ አይደለም፤ አንዲት የተበላሸች ፍሬ ብትኖር አንዱ ስኒ ላይ ብቻ ትታወቃለችና ቀማሹ አምስቱንም ማወዳደር አለበት። ሲደመር 120 ስኒ ነው። አንዱ ስኒ ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ የተቆላ ቡና ያስፈልጋል። ጠዋትና ከሰዓት ሲሆን ሁለት ኪሎ። የናሙና መቁያዋ ማሽን ደግሞ በአንድ ዙር የምትይዘው መቶ ግራም ያህል ነው፤ አንዱ ዙር ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ይፈጃል። የተቆላው ቡና ቢያንስ 8 ሰዓት ማረፍ አለበት፣ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየም ለቅምሻ አይሆንም። ባለፈው ሳምንት ቆልቼ ላስቀምጠው የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ዋዜማውን ከምሽቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ሌሊቱ እስኪገባ ማሽኑ ሥር መቆም ነው። ጠዋት እያንዳንዱን ስኒ ለብቻው መዝኖ መፍጨት፣ ናሙና በተቀየረ ቁጥር ወፍጮውን በሚቀጥለው ናሙና ቡና ማጥራት፣ ውሃውን 93 ዲግሪ ላይ መያዝ አለ። አሰልጣኞቹም ሰልጣኝ ከመግባቱ በፊት አብረው ቀምሰው ነጥባቸውን ማስማማት ይኖርባቸዋል፤ አለበለዚያ አንዱ ጠረጴዛ ከመቶ 82 ያለውን ሌላው 86 ይልና ሰልጣኙ ግራ ተጋብቶ ይወጣል። ስኒ ማጠቡን አልቆጠርኩም።

ይህንን ሁሉ የሚመሩልን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቀማሽ ነበሩ። ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም ቡናን ወደ ግብይት ወለሉ ከማስገባቱ በፊት፣ ያኔ ሊኮሪንግ በሚባለው የመንግሥት ቅምሻ ክፍል ያደጉ ሰው ናቸው። ስኒው ላይ ጎንበስ ብለው ገና በጠረኑ ቡናው የጉጂ ይሁን የሊሙ ይነግሩሃል። ከእሳቸው ጋር ሦስት አሰልጣኞች ነበሩ፤ ሁለቱ የላኪ ድርጅት ሠራተኞች፣ አንዷ በግሏ እየተዘዋወረች ለኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የምትቀምስ ወጣት። እሷ ከሐዋሳ የመጣችው በራሷ የአውቶቡስ ገንዘብ ነው፤ ያደረችውም አክስቷ ቤት።

የሆነው በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሆቴሉ የምሳ አዳራሹ በር ላይ አንድ አስተናጋጅ አቁሟል፤ በእጁ ዝርዝር ይዟል። አረንጓዴ ባጅ ያለው ሰልጣኝ ነው፣ ሰማያዊው ክቡር እንግዳ፣ ቢጫው አሰልጣኝ። ልጅቷ ቡናማ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ እጇ ቡና ቡና እየሸተተ ደረሰች። አስተናጋጁ ዝርዝሩን አየና ቢጫ የለም አላት። ከኋላዋ የቆመው የፋይናንስ ባልደረባችን ነገሩን ያቃለለ መስሎት "አይ፣ የምሳ ኩፖኑ ለከፋዮች ነው፤ አሰልጣኞች ሻይ ቡና አላቸው" አለ።

ልጅቷ ፈገግ አለች። "ችግር የለውም፣ እኔ ጾም ነኝ" አለች።

ማክሰኞን ማን ይጾማል? የጾም ወቅትም አልነበረም። ሆድ ሲያርር ጥርስ ይስቃል እንደሚባለው ነው። ጋሼ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ነበር፣ ሰምተዋታል። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩም። ሽርጣቸውን ፈቱ፣ በአራት አጠፉት፣ የምዝገባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና "ነይ ልጄ፣ እኔም ጾም ነኝ" አሏት። ይዘዋት ወጡ። ሁለቱ የድርጅት ልጆች እርስ በርስ ተያዩና ተከተሏቸው። እኔ ወደ ፋይናንሱ ዞሬ "ኩፖን ስጣቸው እንጂ!" ስለው "የበጀት ርዕስ የለውም፣ ከምን ላወጣው?" አለኝ። በኋላ እንደሰማሁት አራቱ ጾመኞች ከሆቴሉ ጀርባ ካለች ምግብ ቤት ገብተው ጥብስ አዘዋል።

ሥልጠና ክፍሉ ውስጥ ያሉት ረዳት ተማሪዎች ግን ምንም አልሰሙም። በፕሮግራሙ መሠረት 7 ሰዓት ተኩል ላይ 120ውንም ስኒ ፈጭተው ደረደሩ፤ ውሃውም ፈላ። ሰልጣኞቹ ገቡ። አሰልጣኝ የለም። የተፈጨ ቡና በ15 ደቂቃ ውስጥ ውሃ ካላገኘ ጠረኑ ይሄዳል፤ ሥልጠናውም በአብዛኛው ስለ ጠረኑ ነው። አሰልጣኞቹ ሲመለሱ 8 ሰዓት ተኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጋሼ ከመጀመሪያው ጠረጴዛ አንድ ስኒ አነሱና አፍንጫቸው ሥር አደረጉት፣ ቀጥሎ ከሦስተኛው አነሱ።

"ይሄ አልቋል፣ ይደፋ" አሉ።

"ጋሼ፣ ሌላ የተቆላ የለንም እኮ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። እኔ አይደለሁ የቆላሁት?"

የከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ በፕሮጀክተር ተሠራ። ከጅማ የመጣ አንድ የዩኒየን ሰው እጁን አውጥቶ "6,000 ብር የከፈልነው ለመቅመስ ነው፣ ለወሬ ነው?" ሲል ጭብጨባ ተከተለ። በማግስቱ ሥልጠናው በደንብ ሄደ፤ ምክንያቱም ማታውን ሊቀመንበሩ ራሳቸው ወርደው አሰልጣኞቹን እራት ጋበዙ። ጋሼም በልተው ሲያበቁ ወደ መቁያዋ ሄዱ።

ከጉባኤው በኋላ ቦርዱ ተሰበሰበ። አጀንዳው "የአሰልጣኞች የዲሲፕሊን ጉድለት" ይላል። ጋሼም ተጠርተው ነበር። አንድ የቦርድ አባል፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ረጋ ብለው ጀመሩ፦ "ጋሼ፣ እኛ ሁላችንም እዚህ የምንሠራው ያለ ክፍያ ነው። ማኅበር ማለት ደቦ ነው። ደቦ ላይ ደግሞ ደሞዝ አይጠየቅም።"

ጋሼ እንዲህ አሉ፦ "ደቦ እኮ አውቃለሁ፣ የገበሬ ልጅ ነኝ። ደቦ ሲጠራ ባለ እርሻው ጠላ ይጠምቃል፣ ምሳ ያወጣል። በሌላው ሳምንት ደግሞ እኔ ማሳ ላይ መጥቶ ያጭዳል። እናንተ እኔ ማሳ ላይ የመጣችሁት መቼ ነው? ምሳውንስ የበላው ማነው?"

ቤቱ ዝም አለ። ገንዘብ ያዡ ግን ዋዛ ሰው አይደሉምና "ታዲያ እኛስ? የእኛን ጊዜ ማን ከፈለን?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ልዩነቱ ግን የቦርድ አባላቱ ላኪዎች መሆናቸው ነው፤ ማኅበሩ መንግሥት ዘንድ ቀርቦ የሚያስፈጽመው ነገር ሁሉ ዞሮ የእነሱ ንግድ ላይ ይደርሳል። ከሐዋሳ የመጣችው ልጅ ሁለት ቀን ስትቀር የሁለት ቀን ገቢዋ ቀረባት እንጂ በማኅበሩ በኩል የሚመጣላት ነገር የለም።

እኔ ለስብሰባው ያዘጋጀሁት አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነበር። በአንድ ወገን ከሥልጠናው የገባው፦ 40 ሰልጣኝ፣ በነፍስ ወከፍ 6,000፣ 240,000 ብር። በሌላው ወገን የወጣው፦ አዳራሽ፣ ምሳ፣ ባነር፣ የማኅበሩ አርማ ያለበት ቦርሳ፣ ለውጭው ተናጋሪ የአውሮፕላን ትኬትና አልጋ፣ ለእራት ግብዣው ባንድ። አሰልጣኝ በሚለው መስመር ላይ "ሰርተፍኬት ማሳተሚያ" የሚል ብቻ ነበር። ማንንም አልወቀስኩም፤ ወረቀቱን አዳረስኩ፣ ዝም አልኩ። የሙዚቃ ባንዱ ወጪ ላይ ሲደርሱ ሁለት ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ የተነሳው ክርክር ነው እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ። ብር ካስገባንበት ፍቅሩ ይጠፋል ያሉ ነበሩ። ትንሽ እውነት አለው፤ አበል ካልተቆረጠለት ወንበር የማይዝ ሰው በየስብሰባው ስናይ ኖረናል። ግን ነጻ የተባለውን ሥራ ማን እየሠራው እንደነበር ስናይ ነገሩ ሌላ ሆነ። ሁለት ቀን ያለ ገቢ መክረም የሚችለው ደሞዝ እየተቆጠረለት የሚመጣ የላኪ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ድርጅቱም ሠራተኛውን የሚልከው ለጽድቅ አይደለም። ናሙናውን የሚያመጣው ያው ሠራተኛ ነው፣ የሚያመጣው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ቡና ነው። አርባ ሰው ጥሩ ቡና ማለት ምን እንደሆነ የሚማረው በአንድ ነጋዴ ቡና ሆነ ማለት ነው። ሂሳቡ በብር አልተከፈለም እንጂ ተከፍሏል።

በቀጣዩ ዓመት በጀት ላይ መስመር ተከፈተ። የቆሉበት ምሽት፣ ነጥብ ያስማሙበት ጠዋት፣ ጠረጴዛው ላይ የቆሙበት፣ ያጠቡበት ሁሉ በሰዓት ተቆጠረና ለሁሉም ሰዓት አንድ ዋጋ ወጣ፤ ዋና አሰልጣኙ ላይ ጭማሪ አለው። መቁላትን ከማስተማር አሳንሰን እንድንከፍል የፈለጉ ነበሩ፤ ያ ይደፋ የተባለው 120 ስኒ ሲነሳ ተዉት። ትራንስፖርቱን በደረሰኝ እንመልሳለን የሚለው ሐሳብ ደግሞ በአንድ ጥያቄ ወደቀ፦ ሚኒባስ ደረሰኝ ይሰጣል እንዴ? ስለዚህ በርቀት ተመን አወጣንና ከጉባኤው በፊት በቴሌብር መላክ ጀመርን። ናሙናውንም ማኅበሩ ራሱ ይገዛል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው በቁጥር ብቻ ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ደብዳቤው ነው። አሰልጣኙ እሺ ወይም እንቢ ከማለቱ በፊት የሚከፈለውን ብር፣ የሚያድርበትን፣ የሚበላውን ጽፈን እንልካለን። ድሮ ሰው መጠየቅ ነበረበት፤ ይሉኝታ ያለው ደግሞ አይጠይቅም፣ ጾም ነኝ ይላል። አሁን ብሩን የማይፈልግ ነው አልፈልግም ብሎ የሚጽፈው። አንድ አሰልጣኝ እንዲያ ጽፏል፤ በምትኩ ለአለቃው የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍልኝ አለ፤ ጻፍንለት።

የመጀመሪያው ክፍያ ቀን ላይ አዲስ ጣጣ መጣ። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት ከ3,000 ብር በላይ የሆነ የአገልግሎት ክፍያ ላይ 2 በመቶ ቀድመን መያዝ ነበረብን፤ ቲን ነምበር የሌለው ላይ ደግሞ 30 በመቶ። ከረዳቶቹ አንዱ ቲን አልነበረውም። "እህቴ፣ በነጻ ስሠራ ማንም አልቆረጠብኝም" አለኝ። የታክስ ቢሮ ሄዶ ቲን እንዲያወጣ ክፍያውን በሳምንት አዘገየንለት። ጋሼ ደግሞ ስልክ ደወሉ፦

"ስሚ፣ ብሩ ጎድሏል።"

"ጋሼ፣ ዊዝሆልዲንግ ነው፤ ወረቀቱን ልኬልዎታለሁ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይያዝልዎታል።"

"እንዲያ በይኛ! ያ ገንዘብ ያዥ የቆረጠብኝ መስሎኝ ነው እኮ።"

በዚያ ዓመት ለአሰልጣኝነት ያመለከቱት ሰዎች ዓይነትም ተለወጠ። ከጅማ፣ ከዲላ፣ በግላቸው የሚሠሩ ሴቶች መጡ፤ የሐዋሳዋ ልጅ አንድ ጠረጴዛ በኃላፊነት ያዘች። ሠራተኛ ይልክ የነበረ አንድ ድርጅት ግን ናሙናው ጠረጴዛ ላይ በስሙ እንደማይወጣ ሲሰማ "ዘንድሮ ሥራ በዝቶብናል" አለን። አልተቀየምንም።

ያልቋጨነው አንድ ነገር አለ። ባለፈው ወር አንድ ሌላ ላኪ ደውሎ "ሠራተኛዬ የመጣው በእኔ የሥራ ሰዓት፣ በእኔ ደሞዝ ነው፤ ስለዚህ ክፍያው ለድርጅቱ ይግባ" አለ። ልጁ ደግሞ ሌሊቱን የቆላሁት ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው ይላል። ገንዘብ ያዡ ቀኑን ለድርጅቱ፣ ማታውን ለልጁ እንክፈል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ጋሼ አልተስማሙም፤ ቀኑም የልጁ ነው ባይ ናቸው። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጥሯል፣ ብሩም እኔ ዘንድ ተይዟል።