ሞልቶ ይሆናል

ታናሽ እህቴ «ሞልቶ ይሆናል» ካለችኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ትራስ ፊቴ ላይ እደፋለሁ።

በቤታችን «አሁንም ዊንዶውስ ነው የምትጠቀሙት?» እያለ ሰው የሚያሰለቸው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ላፕቶፔን ከዴቢያን 11 ወደ 12 ላሳድግ ተነሳሁ፤ ዴቢያን በዊንዶውስ ፋንታ የምጠቀምበት ሊኑክስ ነው። እህቴ እያየችኝ መሆኑን አረጋግጬ ተርሚናል ከፈትኩ፣ የድሮውን ስም «ቡልስአይ» በአዲሱ «ቡክወርም» ቀየርኩ፣ ፉል አፕግሬድ ብዬ አዘዝኩ። ጽሑፉ ይንዶለዶል ጀመር። እኔም የማነበው ይመስል ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ።

መሃል ላይ ደሞ ቆሞ ይጠይቃል። «ይህን የማዋቀሪያ ፋይል ቀይረኸዋል፤ አዲሱን ላስገባ ወይስ የድሮው ይቆይ?» ኧረ እኔ ፋይሉን በዓይኔ አይቼው አላውቅም! መልሱም በፊደል ነው፤ ዋይ፣ አይ፣ ኤን፣ ኦ፣ ዲ፣ ዜድ። ዋይና አይ አንድ ናቸው። ኤንና ኦም አንድ ናቸው። አንድ ከሆኑ ለምን ሁለት ሁለት ሆነው ይመጡብኛል? ስንት ዓመት ሙሉ ኢንተር እየተጫንኩ አልፌዋለሁ፣ አሁንም ተጭኜ አለፍኩ።

ሪስታርት አደረግኩት። ጥቁር ስክሪን። «ከርነል ፓኒክ፣ ሩት ፋይል ሲስተሙን ማግኘት አልቻልኩም፣ አንኖውን ብሎክ 0፣0።» ከዚያ የካፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

አውቃለሁ፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሲሞት መልእክቱ ስክሪን ላይ ላይታይ ስለሚችል ነው በኪቦርዱ መብራት የሚያስታውቀው። ማወቄ ግን አልረዳኝም። ወዴት እንደሚታጠፍ ሳይናገር ፍሬቻ እንደሚያበራ መኪና ብልጭ፣ ድርግም። ቁልፉን ተጫንኩት፣ ምንም። በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት፣ በጥፍሬ ውስጥ በራ። ፕላስተር ለጠፍኩበት፣ ጭራሽ ፕላስተሩ ራሱ መብራት ሆነ። ወረቀት አውጥቼ ብልጭታውን እስከ 60 ቆጠርኩ፣ ምናልባት ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ካለ ብዬ። ዓይኔን ስጨፍን እንኳ እዚያው ነው፣ እየጠቀሰኝ።

ያኔ ነው እህቴ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሞልቶ ይሆናል» ያለችው። «የኔም ስልክ ፎቶ ሲበዛበት እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ሳቅኩባት። እንደ ፕሮፌሰር ነው የሳቅኩት። ከዚያ ኢኒትራምኤፍኤስ (ከርነሉ ሲነሳ ዲስኩን እንዲከፍት የሚረዳው ፋይል) ምን እንደሆነ፣ የተመሰጠረ ዲስክ ያለሱ እንደማይከፈት አሥር ደቂቃ አስረዳኋት። «ደሞ 300 ጊጋ ባዶ ነው!» አልኳት። «እሺ» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ያቺ «እሺ» አሁንም ታመኛለች።

አራት ሰዓት ፈጀብኝ። ማስነሻ ፍላሽ መሥራት ነበረብኝ፣ ቤት ውስጥ በሕይወት ያለው ኮምፒውተር ደግሞ የሷ ብቻ ነው። ዊንዶውስ። ለመንኳት። ፍላሹ ተጽፎ እንዳለቀ የሷ ኮምፒውተር አፕዴት አደረገ፣ ጠፋ፣ ተነሳ፣ አበቃ። እሷም ምንም አላለችም፤ ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

በፍላሹ ገብቼ የዲስኩን ይዞታ አየሁ። ስላሽ ቡት፣ 100 ፐርሰንት።

ዲስኩ ስለተመሰጠረ፣ የማስነሻ ፋይሎቹ ቤት የሆነው ቡት ለብቻው የተቀመጠ ወደ 500 ሜጋ የሚጠጋ ክፍል ነው፣ እኔ ደግሞ ያረጁ 5.10 ከርነሎችን እዚያ ስቆልል ኖሬያለሁ። የአዲሱ 6.1 ኢኒትራምኤፍኤስ መግቢያ አጣ። ሎጉን ሳየው፣ «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ»፣ ቦታ አልቀረም፣ የሚለው መስመር በፊቴ አልፏል። ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩለት።

የሚብሰው ደግሞ ፍላሹም አያስፈልግም ነበር። ላፕቶፑ ሲበራ በሚመጣው ግራብ ሜኑ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ገብቼ የድሮውን ከርነል ብመርጥ ይነሳ ነበር። ይህን ለሰው ስመክር የኖርኩት እኔው ነኝ።

ያረጁትን ከርነሎች አጠፋሁ፣ የተንጠለጠለውን ጭነት ጨረስኩ፣ ኢኒትራምኤፍኤሱን አሠራሁ፣ ተነሳ። መብራቱም ጸጥ አለ።

«ተነሳልህ?» አለች ከወዲያ ክፍል።

«ተነሳ።»

«ምን ሆኖ ነበር?»

«እ... የቡት ፓርቲሽን ነገር... ኢኒትራምኤፍኤሱ ሲፈጠር...»

«ሞልቶ ነበር?»

አንዱ ክፍል ብቻ ነው የሞላው። ዲስኩ 300 ጊጋ ባዶ ነው፤ ይሄ ይመዝገብልኝ።