ዓሣ የማይፈጅ ፓምፕ አፈታተሽ፦ ከሆላንድ ፖልደር

በሆላንድ ከባሕር ወለል በታች ያለውን መሬት፣ ማለትም ፖልደሩን፣ ከጎርፍ የሚጠብቀው ፓምፕ ነው። ኢል የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ ወደ ባሕር የሚወርደው ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ጨለማና ዝናባማ ሌሊቶች፣ ልክ ፓምፑ ሳያርፍ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፍጆታውንና የዓሣውን ጉዳት አንድ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነትና ፍሰት ለካን።

የኤሌክትሪክ መለኪያውን ከኢንቨርተሩ፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ በፊት አስገባነው፤ ከኋላው ከሆነ የኢንቨርተሩ ብክነት አይታይም። የውሃ ከፍታ መለኪያ በቆሻሻ ማገጃው ፍርግርግ ፊትም ኋላም ያስፈልጋል። ፍርግርጉን አረም ሲዘጋው ፓምፑ ውሃውን ከዝቅተኛ ደረጃ ለማንሳት ይገደዳልና፣ ይህን ያልለየ ሰው በፓምፑ ይፈርዳል። በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1.5 ሜትር ለማንሳት 14.7 ኪሎዋት ይበቃል፤ መለኪያው 22 ካሳየ ብቃቱ 67 በመቶ ነው።

ዓሦቹን በቱቦ ከፍርግርጉ ወዲያ፣ እመምጠጫው አፍ ላይ ለቀቅን። ራቅ ብለው ከተለቀቁ ወደ ኋላ ይዋኛሉ። በመውጫው በኩል ቋጠሮ የሌለው መረብ ዘረጋን፤ ቋጠሮ ቅርፊት ይልጣል። መረቡና አያያዙ ያደረሱት ጉዳት በፓምፑ እንዳይቆጠር፣ ከዚያው ገንዳ የተወሰዱ ሌሎች ዓሦች ፓምፑን ሳያልፉ በቀጥታ ወደ መረቡ ይገባሉ። ፓምፑን ካለፉት 100 ዓሦች 92፣ ካላለፉት 100 ደግሞ 98 ቢተርፉ፣ የፓምፑ ውጤት 92 ለ98 ሲካፈል፣ 94 በመቶ ነው። ቆጠራው የሚዘጋው ከ48 ሰዓት በኋላ ነው፤ ኢል አከርካሪው ተሰብሮም ይዋኛል፣ ፐርች የሚባለው ዓሣ የአየር ፊኛ ግፊት በድንገት ሲወርድ ቢፈነዳ ከውጭ ላይታወቅ ይችላል።

ብዙዎች ፍጥነት መቀነስ ብቻውን ዓሣ ያድናል ይላሉ። እስቲ እናስላው። ውሃውን የሚገፉ 3 ክንፎች ያሉት ፓምፕ በደቂቃ 300 ጊዜ ሲዞር፣ ውሃው በሰከንድ 3 ሜትር ቢሄድ፣ 70 ሴንቲሜትር ኢል እስኪያልፍ 3.5 ክንፍ ያልፍበታል። ዙሩ ወደ 240 ቢወርድ፣ የሚነሳበት ከፍታ ግን ስለማይቀንስ ፍሰቱ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ 5.6 ክንፍ ይሆናል። ምቱ ይለዝባል፣ ቁጥሩ ግን ይበዛል፤ ብቃቱም ይወርዳል። ዓሣውን የሚያድነው ወፍራምና ክብ የክንፍ ጠርዝ፣ ከዚያም ጥቂት ክንፍ ነው።

ፓምፕ የምትገዙ ከሆነ፣ የዓሣውም የኤሌክትሪኩም ፈተና በምትጠቀሙበት ዝቅተኛ ፍጥነት ጭምር እንዲደረግ ውሉ ላይ አስፍሩ።