ከታች የሚፈስ ዘይት፣ ከላይ የታፈነ ትንፋሽ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በምሠራበት ጋራዥ ዘይት የሚያፈስ መኪና ብርቅ አይደለም። ይህችን አሮጌ የቤንዚን አውቶሞቢል ለየት ያደረጋት፣ የኋላ ፓራኦሊዮዋ (በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ሌላ ቦታ ተቀይሮላት ብዙም ሳይቆይ እንደገና ማፍሰስ መጀመሯና ባለቤቷም «ሞተሩ ወርዶ መታደስ አለበት» ተብለው መምጣታቸው ነው። ለዚህ ውሳኔ ሁለት ማስረጃዎች ተጠቅሰው ነበር፤ አንደኛው የኮምፕሬሽን ልኩ (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) የመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ ከሚጠይቀው በታች መሆኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ መገኘቱ ነው። የመጀመሪያው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሁለተኛው የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል የሚል ትርጉም ተሰጥቷቸዋል።

ባለቤቷ በደብረ ብርሃንና በሸዋሮቢት መካከል ሰው የሚያመላልሱ አዛውንት ናቸው። «አባቴ፣ ዘይቱ በይበልጥ የሚፈስብዎት መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ወደ ሮቢት ስወርድ ደኅና ናት፤ ዳገቱን ይዤ ስመለስ ነው ጉዷ የሚወጣው። ጣርማበር ደርሼ ቆም ስል ከሥሯ ይንጠባጠባል» አሉኝ። ብዙ ጊዜ ከመሣሪያ ይልቅ እንዲህ ያለ መልስ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ያለቀ ፓራኦሊዮ ዳገትና ቁልቁለት ሳይመርጥ ያፈስሳል፤ ዳገት ላይ ብቻ የሚብስ ከሆነ ግን ዘይቱን ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ ማለት ነው።

የሚገፋውም ጋዝ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ፣ ሞተሩ አዲስም ቢሆን፣ በፋሻው ጎን ሾልኮ ክራንክሻፍቱ (ዋናው ዘንግ) ወዳለበት ክፍል ይወርዳል፤ ሞተሩ በተጫነ ቁጥርም መጠኑ ይጨምራል። ድሮ ይህ ጋዝ በቱቦ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በካሊፎርኒያ መኪኖች ላይ፣ ኋላም በሌላው ሁሉ፣ ፒሲቪ በሚባለው ቫልቭ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ተመልሶ እንዲቃጠል ተደረገ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ የማኒፎልዱ፣ ማለትም የአየር ማስገቢያው፣ ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) ብርቱ ስለሆነ በቫልቩ ውስጥ ያለውን ትንሽ ፒስተን ስቦ መተላለፊያውን ያጠብበዋል፤ ነዳጅ ሲሰጥና ቫኪዩሙ ሲቀንስ ደግሞ ስፕሪንጉ ወደ ኋላ ይመልሰውና መተላለፊያው ይሰፋል። ይህ መንገድ ሲዘጋ ጋዙ መውጫ ፍለጋ የሚያገኘው ደካማ ቦታ የዘይት መለኪያው ዘንግ፣ የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን ወይም ፓራኦሊዮው ይሆናል።

ሞተሩን አሙቀን በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትንና በአፉ ላይ ስስ ወረቀት አደረግን። ደኅና ሞተር ወረቀቱን በቀስታ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ይህኛው ግን እያነሣ ጣለው። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ቫልቩን ነቅሎ ሲያነቃንቀው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ «ጋሼ፣ ቫልቩ እኮ ደኅና ነው» አለኝ። ከእኛ በፊት ያዩትም ያለፉት በዚሁ ፈተና ይመስለኛል። ድምፁ የሚያረጋግጠው ውስጡ ያለው ፒስተን አለመጣበቁን ብቻ ነው፤ ጋዙ ማለፍ አለማለፉን አይናገርም። ቫልቩን ከጎማ ቱቦው ጋር እንዳለ ትቶ፣ ሞተሩ እየሠራ አፉን በጣቱ እንዲደፍነው ነገርሁት፤ ምንም የሚስብ ነገር አላገኘም። ቱቦውን በፒንሳ ሲጨምቀውም የሚኒሞው ድምፅ ቅንጣት አልተለወጠም፤ አየር የሚያልፍበት ቢሆን ኖሮ ዝቅ ማለት ነበረበት። ቱቦውን ከማኒፎልዱ ስናላቅቀው የሚገባበት ቀጭን ቀዳዳ በደረቀ ጥቁር ካርቦን ተደፍኖ ተገኘ፤ ቱቦውም ውስጡ አብጦ ነበር።

የኮምፕሬሽኑን ነገር በተመለከተ፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ያነሰ በመሆኑ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈውን ቁጥር ከዚህ ሞተር መጠበቅ አግባብ አይደለም፤ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋሮቢት ያው ሞተር የተሻለ ቁጥር ያሳያል። ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ይበልጥ ይጠቅማል፤ የዚህች መኪና አራቱም ተቀራራቢ ነበሩ። በመጽሐፍ ቁጥር ብቻ ሞተር ማስወረድ በእኛ አገር ደጋ ከተሞች ብዙ ሰው ያለአግባብ ያስከፍላል።

አረፋውም ቢሆን ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረው የውሃ እንፋሎት መውጫ አጥቶ፣ በብርዱ ክዳን ላይ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የቀረ ነው። የራዲያተሩ ውሃ አለመጉደሉንና በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ መሆኑን ካየን በኋላ ቴስታታውን አልነካንም።

ቀዳዳውን በሽቦና በካርቡራቶር ማጽጃ ከፍተን፣ ዘይትና ሙቀት የሚችል ቱቦ አስገባን፤ ተራ የውሃ ጎማ ዘይት ሲነካው ይለሰልስና በቫኪዩሙ ተስቦ ይደፈናል። ቫልቩንም ለዚያ ሞተር በተሠራ አዲስ ቀየርነው። «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጥ አለ፤ እኔ አልገዛውም፤ ከልኩ በላይ አየር የሚያሳልፍ ከሆነ ሚኒሞው ይረበሻል፣ ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ሲወረድም ዘይት እየሳበ ኋላ ነዳጅ ሲሰጥ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ወረቀቱ ወደ ውስጥ መሳቡን ካረጋገጥን በኋላ ነው ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አውርደን ፓራኦሊዮውን የቀየርነው፤ ከንፈሩ በግፊቱ ተጎድቶ ስለነበር ለብቻው አይድንም።

አዛውንቱ ሮቢት ደርሰው ዳገቱን ወጥተው ሲመለሱ ከሥር ገብተን አየን፤ የካምቢዮው መጋጠሚያ ደረቅ ነበር። በየዘይት ቅያሪው የወረቀቱን ፈተና እንዲያስደርጉ ነገርናቸው፤ ሞተሩም ሳይወርድ እየሠራ ነው።