ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሐሪስ ክሪክ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ከምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ በማለዳ ተነሥተን ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ድልድይ ስንሻገር፣ ከሥራችን ያለው ውኃ እንደ ክረምት ዓባይ ባይደፈርስም ጥራት አልነበረውም። ይህን ውኃ ያጠራ የነበረው ኦይስተር የተባለው ባለ ሁለት ክዳን የባሕር ፍጥረት ነው፤ ያደገ አንድ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ስቦ፣ ደቃቁን አልጌ ለምግቡ አስቀርቶ መልሶ ይለቀዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880ዎቹ ከሜሪላንድ ውኃ ብቻ በአንድ ወቅት 15 ሚሊዮን ቡሽል (ቡሽል የአሜሪካውያን የስፍር መለኪያ ነው) ያህል ኦይስተር ይወጣ ነበር። ከልክ ያለፈ ማጥመድ፣ ደለል፣ በኋላም ሁለት በሽታዎች ተደራርበውበት ዛሬ የቀረው የጥንቱ ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የደረስነው በካምብሪጅ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የሆርን ፖይንት ቤተ ሙከራ ነበር። በዚያ የሚፈለፈለው እጭ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ሲሆን፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲዋኝ ቆይቶ ትንሽ እግር ያወጣል፤ በዚያች እግር እየዳሰሰ ጠንካራ መቀመጫ ይፈልጋል፤ ካገኘም ተጣብቆ ዕድሜ ልኩን ከዚያ አይነቃነቅም። አብልጦ የሚወደው መቀመጫ ደግሞ የሞተ ኦይስተር ዛጎል ነው። ሰው ግን ኦይስተሩን ሲበላ ዛጎሉን ለመንገድ ማንጠፊያና ለኖራ ስላዋለው፣ የሚወለደውንም ቤት አሳጥቶታል። አሁን ከየምግብ ቤቱ የሚሰበሰበው ዛጎል ሜዳ ላይ ከርሞና ታጥቦ እጩ ወዳለበት ገንዳ ይገባል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ እንዳልበላ ተነግሮኝ በማደጌ ኦይስተር ቀምሼ አላውቅም፤ ሆኖም የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ጨቅላዎች የተለጠፉበትን አንድ ዛጎል በእጄ ይዤ ለረጅም ጊዜ ስመለከተው ቆየሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቲልግማን ደሴት አቅንተን በአንድ አዛውንት አስጋሪ ጀልባ ሐሪስ ክሪክ ገባን። ኦይስተር ማውጣት በተከለከለበት በዚህ የውኃ ክንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2015 ድረስ 140 ሄክታር ገደማ ሪፍ፣ ማለትም ኦይስተር ተጣብቆ የሚያድግበት ጠንካራ የውኃ ወለል፣ ተሠርቶ፣ ከ2 ቢሊዮን በላይ ጨቅላ ኦይስተር ተዘርቶበታል። ይህን ሁሉ አንብቤ የመጣሁ ሰው ያየሁት ግን ጸጥ ያለ ውኃ ብቻ ነበር።

አዛውንቱ ሥራውን አይጠሉትም፤ ቅሬታ ግን አላቸው። ዛጎል በመጥፋቱ በብዙ ቦታ ድንጋይ ስለ ተነጠፈ፣ በውኃው ወለል ላይ የሚዘረጉት የሸርጣን ማጥመጃ ገመድ እየተያዘባቸው እንደሚበጠስ ነገሩኝ። በኑሮው ላይ የተወሰነበትን ሰው ቀድሞ ማማከር ይገባ ነበር ብዬ አሰብሁ። ዓሣው በሪፉ ዙሪያ እንደሚሰበሰብ ግን እርሳቸውም አልካዱም፤ በዛጎሎቹ መካከል ትንንሽ ሸርጣኖችና ትሎች ስለሚጠለሉ ትልልቁ ዓሣ እነርሱን ፍለጋ ይመጣል።

ከዚያም ረጅም ዘንግ አቀበሉኝ። ወደ ታች ስጫነው መጀመሪያ ጭቃው ዋጠው፤ ጀልባዋ ጥቂት ፈቀቅ ስትል ግን ጫፉ ጠንካራ ነገር ነክቶ መንቀጫቀጩ እስከ እጄ ድረስ ተሰማኝ።