አንዲት ኖታና 14 ወር፦ ከፋሪኔሊ ፊልም የተነሳው የድምፅ ልምምዴ

ማክሰኞ ማታ አንዲት ኖታ 16 ሰከንድ ያዝኩ። ከሹክሹክታ ብዙም በማይሻል ድምፅ ጀመርኳት፣ ቀስ እያልኩ አሳደግኳት፣ ከዚያ ሳትሰበር ወደመጣችበት መለስኳት። በስልኬ ቀድቼ አራት ጊዜ አዳመጥኳት። ከ14 ወር በፊት ይችኑ ኖታ የምይዛት 7 ሰከንድ ነበር፤ እሷም እየተንቀጠቀጠች።

ደስታዬን ላካፍላችሁ ነው የመጣሁት። ግን እዚህ ከመድረሴ በፊት ሦስት ወር በተሳሳተ መንገድ ሄጄ ድምፄን ልጎዳው ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱንም ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ፊልም ነው። «ፋሪኔሊ» ይባላል። በፈረንጆች 1994 የወጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠቅሰው)፤ ዳይሬክተሩ ቤልጅጋዊው ዤራር ኮርቢዮ ነው። የሚተርከው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ የኦፔራ ዘፋኝ ካርሎ ብሮስኪን ሕይወት ነው። ፋሪኔሊ የመድረክ ስሙ ነው። በ1705 ተወለደ፣ ኔፕልስ ውስጥ በኒኮላ ፖርፖራ እጅ ተማረ፣ በ15 ዓመቱ መድረክ ላይ ወጣ። ካስትራቶ ነበር፤ ማለትም ድምፁ እንዳይጎረንን በልጅነቱ የተሰለበ።

ይኼን ስሰማ ሆዴ ተረበሸ፤ አሁንም ይረበሻል። ሕፃናት ላይ የተፈጸመ ግፍ ነው። ከተሰለቡት ውስጥ አብዛኞቹ ስም ያለው ዘፋኝ ሳይሆኑ ነው የቀሩት። የድምፁ ምስጢር ግን ማወቅ ያለብን ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል። እንዲህ ያለው ልጅ ማንቁርቱ ትንሽ እንደሆነ ይቀራል። ሰውነቱ ግን ያድጋል። የአጥንቶቹ ጫፍ ቶሎ ስለማይዘጋ እጅና እግሩ ይረዝማል፣ ደረቱም ይሰፋል። በልጅ ጉሮሮ ላይ የትልቅ ሰው ሳንባ ማለት ነው።

ፊልሙ ውስጥ ፋሪኔሊ ከመለከት ነፊ ጋር የሚፎካከርበት ትዕይንት አለ። መለከቱ ኖታውን ይይዛል፣ እሱም ይይዛል፣ መለከት ነፊው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እሱ ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ፉክክር ሮም ውስጥ ገና 17 ዓመቱ ሳለ እንደገጠመ በታሪኩም ይነገራል። ያንን ትዕይንት በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ እየመለስኩ እንዳየሁት አላስታውስም። በነጋታው ልምምድ ጀመርኩ።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ብዙ የምለው የለኝም። ማንጎራጎር፣ ዶ ሬ ሚ፣ ቀጥ ብሎ መቆም፣ አገጭን ማላላት። መዘምራን ውስጥ ስላደግኩ ኖታ መምታት አላስቸገረኝም። በሳምንት አንድ ቀን የሚያስተምሩኝ መምህርም አገኘሁ። የሚያሠሩኝ በገዛ ድምፄ ነበር፤ ባሪቶን ነኝ፣ ማለትም መካከለኛ የወንድ ድምፅ ነው ያለኝ። እኔ ግን እሳቸው ዘንድ አንድ ነገር እየተማርኩ ቤት ስገባ ሌላ ነገር እሠራ ነበር። ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ፣ የፊልሙን ዘፈን ከፍቼ፣ በፋልሴቶ፣ ማለትም ወንድ ድምፁን አቅጥኖ በሚያወጣው ከፍ ያለ ድምፅ፣ እየጮህኩ እከተለዋለሁ። ሰውየው የማይተነፍስበት ቦታ ላይ እኔም አልተነፍስም። እሱ የወጣበት እወጣለሁ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት።

በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ስነሳ ድምፄ የለም። ለመምህሬ «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አልኳቸው። ዋሽቼ ነበር። ሐኪም ጋ ስሄድ በካሜራ አይቶ የድምፅ ጅማቶቼ ማበጣቸውን ነገረኝ። ሦስት ሳምንት ዝም በል ተባልኩ። በሁለተኛው ሳምንት የግቢያችን እማማ በር ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ ድምፅህ ጠፋብኝ እኮ፤ ደህና ነህ ወይ?» አሉኝ። መልስ መስጠት ስለማልችል እጃቸውን ስሜ አለፍኩ። ያን ቀን አለቀስኩ።

ድምፄ ሲመለስ ለመምህሬ እውነቱን ነገርኳቸው።

«ማንን ለመምሰል ነው እንዲህ የሆንከው?» አሉኝ።

«ፋሪኔሊን»።

«የፊልሙን? እሱ እኮ ሁለት ሰው ነው»።

እንዲህ ነው ነገሩ። ፊልሙ ላይ ፋሪኔሊን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ስቴፋኖ ዲዮኒዚ አፉን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ዛሬ ላይ የካስትራቶ ድምፅ ያለው ዘፋኝ ስለሌለ የፊልሙ ሠሪዎች የሁለት ሰው ድምፅ ቀዱ፤ አንዱ አሜሪካዊው ካውንተርቴነር (በሴት ድምፅ ከፍታ የሚዘፍን ወንድ) ዴሪክ ሊ ሬጊን፣ ሌላዋ ፖላንዳዊቷ ሶፕራኖ (ቀጭን ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ኤቫ ማላስ ጎድሌቭስካ። ከዚያ ፓሪስ በሚገኘው ኢርካም በሚባል የሙዚቃና የድምፅ ምርምር ተቋም ሁለቱን በኮምፒውተር ቀጣጠሏቸው፣ የድምፃቸውንም ቀለም አመሳሰሉት። እኔ ሦስት ወር ሙሉ የምከተለው ሰው በዓለም ላይ የለም። ከትላልቅ ዘፋኞች ሁለቱ ተደምረው የሠሩትን በአንድ ጉሮሮዬ ልሠራው ነበር የምታገለው።

ፊልሙ ላይ አልተናደድኩም። አሁንም እወደዋለሁ። ታሪኩን እንደፈለገ ማድረጉን ግን እወቁ። ለምሳሌ ፋሪኔሊ የሙዚቃ ደራሲውን የሃንድልን «ላሻ ኪዮ ፒያንጋ» ሲዘፍን ያሳያል። ያ አሪያ (በኦፔራ ውስጥ አንድ ሰው ለብቻው የሚዘፍነው ዘፈን) በ1711 ለንደን ውስጥ በቀረበው «ሪናልዶ» በተባለው ኦፔራ ላይ ያለ የሴት ገጸ ባሕርይ ዘፈን ነው፤ ፋሪኔሊ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ኋላ ለንደን ሲመጣም የዘፈነው ለሃንድል ተፎካካሪ ቡድን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጠንካራ አቋሜ ይኼ ነው፦ ፊልም ይዛችሁ ድምፅ አትለማመዱ። ፊልም ፍቅሩን ያሲዛችሁ፤ ከዚያ ዝጉት። መድረክ ላይ ያለ ማይክሮፎን የሚዘፍን፣ ትንፋሹ የሚሰማ፣ አንዳንዴም የሚሳሳት ሰው ፈልጋችሁ ስሙ። እሱን ስትሰሙም አብራችሁ አትዝፈኑ።

አሁን ወደዚያች ኖታ ልመለስ። ብዙውን ጊዜዬን የበላችው እሷ ናት።

ጣሊያኖቹ «ሜሳ ዲ ቮቼ» ይሉታል። አንድ ኖታ በጣም ለስለስ አድርገህ ትጀምራለህ፣ እስክትሞላ ታሳድጋለህ፣ ከዚያ በዚያው ልክ ትቀንሳለህ። ሌላ ምንም የለውም። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ እንደጻፈው፣ ፋሪኔሊ በ1734 ለንደን ውስጥ የወንድሙን የሪካርዶ ብሮስኪን አሪያ ሲዘፍን የመጀመሪያዋን ኖታ እንዲህ አድርጎ አሳድጎ ስለመለሳት ብቻ 5 ደቂቃ ሙሉ ተጨበጨበለት። አንዲት ኖታ! ይኼን ሳነብ ሌላውን ሁሉ ትቼ እሷን ያዝኩ።

የመጀመሪያው ችግር ኖታው ራሱ ነው። ድምፄን ሳሳድግ ኖታዬ ወደ ላይ ይሸሻል። ስቀንስ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ስልኬ ላይ የኖታ መለኪያ ከፍቼ ሳየው መርፌው እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከታች የሚመጣው የአየር ግፊት ሲጨምር የድምፅ ጅማቶቹ በፍጥነት ይርገበገባሉ፣ ኖታውም ይወጣል። ድምፁ እያደገ ጅማቱ ትንሽ መላላት አለበት። በቃል ቀላል ነው። ለእኔ ሁለት ወር ፈጀብኝ። መርፌውን እያየሁ መለማመዴን አቁሜ ከፒያኖ የተቀዳ አንድ ኖታ ዝቅ አድርጌ ከፍቼ በጆሮዬ መከተል ስጀምር ነው የተስተካከለው። ዓይን ጆሮን ያሰንፋል።

ሁለተኛው ችግር መመለሻው ነው። ማሳደጉ ይሳካልኛል። ልክ መቀነስ ስጀምር ድምፄ እንደ ደረቅ እንጨት ይሰነጠቃል። ሁልጊዜ 9ኛው ወይም 10ኛው ሰከንድ ላይ። ትንፋሽ ያለቀብኝ መሰለኝ። ትንፋሽ ለማርዘም ያላደረግኩት የለም። ማለዳ ጃንሜዳ ሮጥኩ። በጀርባዬ ተኝቼ ሆዴ ላይ መጽሐፍ ደረደርኩ። ዝንጅብልና ማር ጠጣሁ፤ ጉሮሮን ያረጥባል እንጂ ትንፋሽ አያስረዝምም። ሐዋሳ ለሠርግ ሄጄ ሞክሬው ሁለት ሰከንድ ጨመረልኝ። የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሦስት ቀን በደንብ መተኛቴን ግን አልቆጠርኩትም ነበር።

ከዚያ መምህሬ አንድ ቀን «ኖታው ሲሰበርብህ የቀረህን አየር በ‹ስስስ› አውጣውና ቁጠር» አሉኝ። ቆጠርኩ። 8 ሰከንድ! ድምፄ ሲሰበር ግማሽ የሚሆን አየር ሳንባዬ ውስጥ ነበር። ወራት ሙሉ የማይጎድለኝን ነገር ስፈልግ ነበር።

የጎደለኝ ምን እንደሆነ ያሳየኝ ደግሞ ስትሮ ነው። አዎ፣ ጁስ የምንጠጣበት ስትሮ። በብርጭቆ ሁለት ጣት ያህል ውሃ አድርጉ። ስትሮውን ጫፉን ብቻ አጥልቃችሁ በእሱ ውስጥ አንጎራጉሩ። ውሃው አረፋ ይሠራል። አየራችሁ እኩል ከወጣ አረፋውም እኩል ይሆናል። ስትሮው ጠባብ ስለሆነ ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ጅማቶቹን ያግዛቸዋል፤ ከጉዳት በኋላ ለነበረው ለእኔ ጉሮሮ መድኃኒት ሆነልኝ። ሜሳ ዲ ቮቼውን እዚያው ውሃ ውስጥ ሠራሁት። እያደገ ሲሄድ አረፋው ጥሩ ነው። ልክ መመለስ ስጀምር አረፋው በአንዴ ግንፍል ይልና ይቆማል። ሌላ ጊዜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። መስታወት ፊት ሆኜ ደገምኩት። ለካ ድምፄን ቀንሳለሁ ስል ደረቴን እጥለዋለሁ። ጎድኖቼ ዝርግፍ ይላሉ፣ አየሩ ባንድ ጊዜ ይወጣል፣ ጉሮሮዬ ደግሞ ሊይዘው ይጨመደዳል። ስንጥቁ እሱ ነው።

«ከሆድህ ተንፍስ» የሚለው ምክር የማይጥመኝ ለዚህ ነው። ሁሉም ይለዋል። እኔ ግን ሆዴን ሳስብ ጎድኔን ረሳሁት። አየር ሳንባ ውስጥ ነው ያለው። ሥራው ጎድንን ክፍት አድርጎ ማቆየት ነው፤ በተለይ ድምፁ ሲቀንስ። ለስለስ ያለው ድምፅ ከጮኸው ይልቅ አካልን ያደክማል። አሁን ሁለት እጄን ጎድኔ ላይ አድርጌ እለማመዳለሁ፤ ጎድኔ እጄን እየገፋ ካልቆየ ኖታዋን አቋርጬ እንደገና እጀምራለሁ። አናባቢውንም እቀይራለሁ፦ በ«ኡ» ጀምሬ፣ «ኦ» ላይ አሳድጌ፣ ወደ «ኡ» እመለሳለሁ። በ«አ» እስካሁን አልተሳካልኝም።

ዘፈን ላይስ? አንድ አሪያ ብቻ ነው የያዝኩት፤ ያንኑ «ላሻ ኪዮ ፒያንጋ»ን፣ በገዛ ድምፄ፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጌ። ዓመት ሙሉ አንድ ዘፈን ይሰለቻል ትሉኝ ይሆናል። ፋሪኔሊ በ1737 ስፔን ሄዶ በጭንቀት ለታመመው ንጉሥ ለፊሊፕ አምስተኛ በየማታው ጥቂት አሪያዎችን እየደጋገመ ይዘፍንለት እንደነበር ይተረካል፤ ንጉሡ እስኪሞት ድረስ ዘጠኝ ዓመት። እኔ ገና አንድ ዓመቴ ነው።

የቃሉ አነባበብ ላይ አማርኛችን በጣም ረዳኝ። ጣሊያንኛ እንደኛ ማጥበቅና ማላላት አለው። «ላሻ» ሲባል ሻው የሚጠብቀው ልክ «ዋሻ» እንደምንለው ነው። ሌሎች በስንት መከራ የሚማሩትን እኛ አፍ ስንፈታ ይዘነዋል፤ ተጠቀሙበት። የሚጎዳን ሌላ ነው። ዘፈኑ ውስጥ ያለውን «ክሩዳ» የሚለውን ቃል ስንል ሳይታወቀን «ክ»ን ለብቻዋ እንጠራታለን። ቃሉ ሁለት ቀለም መሆኑ ቀርቶ ሦስት ይሆናል፣ ምቱም ይበላሻል። ዘፈኑ ዝግ ያለ ስለሆነ ስህተቱ ጎልቶ ይሰማል። መፍትሔዬ ክ እና ሩን በአንድ ትንፋሽ እንደ ዱላ ምት ሃያ ጊዜ መደጋገም ነው።

ምክር ከተባለ፦ ስትሮ ግዙ፣ በቀን ከ40 ደቂቃ አትለፉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ዝም በሉ። የመጨረሻውን እኔ ራሴ አልጠብቀውም። ባለፈው እሑድ የዕረፍት ቀኔ ነበር፤ አራት ጊዜ ሞከርኳት፣ ሰኞ ድምፄ ሻከረ። የድምፅ ሻካራነት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየባችሁ ደግሞ እንደ እኔ ጉንፋን ነው እያላችሁ አትዋሹ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የማክሰኞዋን ቅጂ ለመምህሬ ላክሁላቸው። «13ኛው ሰከንድ ላይ ግራ ጎድንህ ወርዷል» ብለው መለሱልኝ። በድምፅ ብቻ ነው የሰሙት። ደግሜ ሳዳምጣት እውነታቸውን ነው፤ ትንሽ ነፋስ ትሰማለች። ከነገ ጀምሮ ግራ እጄን ጎድኔ ላይ ከፍ አድርጌ ይዤ፣ በ«አ» እሞክራታለሁ።